የቤት ኮምፒውተሬን ከቫይረስ መጠበቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ይህን ነገር መማር ስጀምር ዋናው ጥያቄዬ «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» የሚል ነበር። አሁን ያንን ጥያቄ ብዙም አላነሳውም። አሁን የሚያሳስበኝ እዚህ ማሽን ላይ ምን ምን ነገር እንዲነሳ እየፈቀድኩ እንደሆነ ነው። ምክንያቱም ካየኋቸው የቤት ኮምፒውተር ችግሮች አብዛኞቹ ላይ በሩን የከፈተው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ አንድ ነገር ተጭኖ፣ «እሺ» ብሎ፣ ወይም ቅዳና ለጥፍ የተባለውን ለጥፎ። ስለዚህ የዛሬው ማስታወሻዬ በአብዛኛው ስለዚያ «እሺ» ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

አንቲቫይረሱን ቶሎ ልለፈው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ አብሮት መጥቷል፤ ለቤት ይበቃል የሚል አቋም አለኝ። ሁለት አንቲቫይረስ መደረብ ማሽኑን ማንቀራፈፍ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር ቦታውን ይለቅለታል። ስለዚህ የጫናችሁት የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ አሁን የሚጠብቀኝ የትኛው ነው ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱና አረንጓዴ ምልክቱን እዩ።

መሥራቱን መፈተን ለሚፈልግ ደግሞ «አይካር» የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ያለው፣ ምንም ጉዳት የሌለው ጽሑፍ ነው፤ አንቲቫይረሶች ግን ሆን ተብሎ እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተደርጓል። ኖትፓድ ላይ ለጥፌ ሴቭ ሳደርገው ወዲያው ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፣ ፋይሉም ከፎልደሩ ተነሳ። ጥበቃው ሲሠራ በዓይን ማየት ደስ ይላል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ቀጥሎ የፋይል ስም። ዊንዶውስ የታወቁ ፋይሎችን የመጨረሻ ቅጥያ ይደብቃል። ቅጥያ የምለው ከስሙ በኋላ ነጥብ ተደርጎ የሚመጣውን ነው፤ ፋይሉ ፎቶ ይሁን ጽሑፍ ወይም የሚነሳ ፕሮግራም የሚለየው በእሱ ነው። በግንቦት 2000 ዓለምን ያጥለቀለቀው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም) የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በኢሜይል የመጣው ፋይል የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ነበረው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ የስክሪፕት (ሲከፈት የሚሠራ የትዕዛዝ ፋይል) ቅጥያ ተደርቦበት ነበር። ሁለተኛው ስለማይታይ ሰው ደብዳቤ የከፈተ መስሎት ፕሮግራም አስነሳ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ ዊንዶውስ 11 ላይም ቅጥያው ሲጀመር ተደብቆ ነው የሚመጣው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ስነካ መጀመሪያ የምቀይረው ይህንን ነው።

አሁን ብዙ ጊዜዬን ወደወሰደው ጉዳይ፣ ወደ ፍላሽ። ፎልደሮችን ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመላክት አይኮን) የሚያደርገውን ቫይረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ከውስጥ ማየት ፈልጌ ነበር። ምንም የግል ፋይል የሌለበት አሮጌ ላፕቶፕ አዘጋጀሁ፣ ኢንተርኔቱን አጠፋሁ፣ ከዚያ አንድ ጓደኛዬ «ፋይሎቼ ጠፉብኝ» ያለኝን ፍላሽ ሰካሁ። ፎልደሮቹ በሙሉ ስማቸውን እንደያዙ ተደርድረዋል፤ ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሿ የሾርትከት ቀስት አለች፣ መጠናቸውም አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። አንዱን በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብቼ «ታርጌት» የሚለውን ሳነበው መጀመሪያ የሚጠራው የዊንዶውስን የትዕዛዝ መስኮት ነው፤ ቀጥሎ እዚያው ፍላሽ ላይ የተደበቀ ስክሪፕት ያስነሳል፤ መጨረሻ ላይ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ለዚህ ነው ሰው የማይነቃው! የፈለገው ፎልደር ተከፍቶለታል፣ ፋይሎቹን አይቷል፣ ምንም የሆነ ነገር የለም። ከበስተጀርባ ግን ኮምፒውተሩ ተይዟል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል።

ፋይሎቹ ደግሞ አልጠፉም። «ሂድን» እና «ሲስተም» የሚል ባሕርይ ስለተሰጣቸው ብቻ ነው የማይታዩት። ሁለት ቦታ መክፈት ያስፈልጋል፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አንድ፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ደግሞ ምልክቱን ማንሳት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን አያውቀውም፣ ስለዚህ «የለም» ብሎ ፎርማት ያደርጋል። እባካችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት እዩ። ስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የልጆቹን ፎቶ በዚህ መንገድ በገዛ እጁ እንደሚያጠፋ ሳስብ ያናድደኛል። ከታዩላችሁ በኋላ «አትሪብ» በሚባለው ትዕዛዝ ሁለቱን ባሕርያት ማንሳት፣ የሚያስፈልጓችሁን ሰነዶች ብቻ መቅዳት፣ ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን መሰረዝ። ፍላሹን ማጽዳት ግን ግማሽ መንገድ ነው፤ የበከለው ኮምፒውተር ካልጸዳ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተራው የሾርትከት ቫይረስ ካልተጫኑት አይነሳም። በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የተባለው ትል ግን ፎልደሩን ከፍቶ አይኮኑን ማየት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ዊንዶውስ የሾርትከትን ምስል በሚያነብበት መንገድ ላይ ክፍተት ስለነበረ። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደፈነው። ስለዚህ የሚጠነቀቅ ሰውም ያለ አፕዴት አይሆንም።

አፕዴትን በተመለከተ ሐሳቤን የቀየረው ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ትል ታሪክ ነው። ትሉ የገባበትን ክፍተት የሚደፍነው አፕዴት የወጣው መጋቢት 14፣ 2017 ነው። ትሉ የተለቀቀው ግንቦት 12፣ 2017። ሁለት ወር ያህል ጊዜ ነበረ! ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ኮምፒውተሮችን ያዘ፣ እየዞረ የገባው በኔትወርክ ስለሆነ ደግሞ ማንም ምንም መጫን አላስፈለገውም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ሪስታርት አድርግ» ሲለኝ አላዘገየውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14፣ 2025 እንዳበቃ አስቡበት። ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 ማለፍ፣ ካልቻለ ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ውስጥ መግባት፣ ወይም በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን መሞከር። ብራውዘሩንም አትርሱት፤ ቀኑን ሙሉ ከውጭ ዓለም ጋር የሚነካካው እሱ ነው።

አሁን ወደ «እሺ» ልመለስ። በአድሚን አካውንት (ሲስተሙን ለመቀየር ሙሉ ፈቃድ ባለው) መሥራት ትቻለሁ። አንድ የአድሚን አካውንት ከነፓስዎርዱ ለብቻ አስቀመጥኩና ለየዕለቱ ስታንዳርድ አካውንት ከፈትኩ። አንድ ፕሮግራም ሲስተሙን መንካት ሲፈልግ የአድሚኑን ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። ያ መጻፍ የሚጠይቀው ጊዜ ትንሽ ነው ግን ያስቆማል፤ «ቆይ፣ ይሄ ለምን ይህን ይፈልጋል?» ያስብላል። ይህ ግን ሁሉንም አያስቀርም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ሰነዶቻችሁን ለመቆለፍ የአድሚን ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ሰነዶቹ የእናንተ ናቸው፣ እሱም በእናንተ ስም ነው የሚሠራው። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ ፓስዎርድ የሚሰርቀውም እንደዚሁ። ይህ ነጥብ ሲገባኝ ባክአፕን፣ ማለትም የፋይሎቼን ተጨማሪ ቅጂ ማስቀመጥን፣ ከሁሉ አስቀደምኩ።

ክራክ ላይ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ ለመጠቀም የሚወርደው ላይ፣ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ይዞ የሚመጣ ፋይል እዚያው ይሰረዝ። አንዳንዶች «አንቲቫይረሱ ክራክ ስለሆነ ብቻ ነው የሚጮኸው» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም እናንተም መለየት አንችልም። በዚህ መንገድ የሚገባው ብዙ ጊዜ ድምፁን የማያሰማ ሌባ ነው፤ የተቀመጡ ፓስዎርዶችን ይለቅማል፣ የብራውዘሩን ኩኪ (አካውንት ውስጥ መግባታችሁን ለገጹ የሚያስታውሰውን ትንሽ ፋይል) ይወስዳል። ኩኪው ከተወሰደ የገባችሁበት አካውንት በስልክ ኮድ ቢጠበቅም ሌባው ገብቶ እንደተቀመጠ ሰው ሊቀጥል ይችላል። ሊብረኦፊስ፣ ጊምፕ፣ ቪኤልሲ፣ ሰቨን ዚፕ ሁሉም በነጻ አሉ። የሚወርዱት ግን ከሠሪዎቹ ገጽ ይሁን፤ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ አንዳንዴ ስሙን የተዋሰ ሌላ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የባሰ መጣ። እህቴ አንድ ቀን «ና እስቲ እየው፣ ሮቦት አይደለሁም በይ እያለ አላሳልፍ አለኝ» ብላ ጠራችኝ። ገጹ ላይ የተለመደው ሳጥን አለ። ስትጫኑት ሦስት ነገር አድርጉ ይላል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና አር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር። እህቴ ሳጥኑን ተጭናለች፣ ሌላውን ገና አልነካችም። ኖትፓድ ከፈትንና እዚያ ለጠፍነው። ፓወርሼል (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መሣሪያ) ብሎ የሚጀምር፣ ከሆነ አድራሻ ፋይል አውርዶ የሚያስነሳ ረጅም መስመር ወጣ። ሳጥኑን ስትጫን ገጹ ራሱ ትዕዛዙን ክሊፕቦርዷ (የተቀዳ ነገር እስኪለጠፍ የሚቆይበት ቦታ) ላይ አስቀምጦት ነበር። ቀሪውን በእጇ እንድትጨርስለት ነው የጠየቃት። ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ የኪቦርድ ትዕዛዝ የሚያስጽፋችሁ ካለ ገጹን ዝጉት። ለቤተሰብ ንገሩ፣ እባካችሁ። ቴክኒክ የማያውቅ ሰው መመሪያ መከተል ትክክል ስለሚመስለው በቀላሉ ይጠመዳል።

ባክአፕ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል ይባላል። እኔ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና ክላውድ ነው የምጠቀመው። ዲስኩን ቀድቼ ስጨርስ እነቅለዋለሁ፤ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም ይቆልፈዋል። ክላውዱ ላይ ደግሞ የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀምጥ መሆኑን አረጋግጡ፣ ካልሆነ የተቆለፈው ፋይል በደህናው ላይ ይተካበታል። ከዚያም መመለሱን ሞክሩት። አንድ ፎልደር መርጬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መለስኩትና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። እስኪከፈቱ ድረስ ባክአፕ አለኝ አልልም።

ተይዣለሁ ብሎ ለሚጠረጥር፦ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ፓስዎርድ የሚቀየረው ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው፣ ኢሜይሉ ይቅደም፤ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ የሚለውንም ተጫኑ። ከዚያ ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» አለው፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ የተደበቀው ለመደበቅ ዕድል አያገኝም። ራንሰምዌር ከሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባለውን እዩ። ዩሮፖልና የኔዘርላንድ ፖሊስ ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር በ2016 የጀመሩት ነው፤ ለአንዳንድ ዓይነቶች ነጻ መክፈቻ አለው።

አሁን እየተማርኩ ያለሁት «አውቶረንስ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ያስደነግጣል፤ የማይክሮሶፍቶቹን ደብቅ የሚለውን ሳበራው ግን የሚነበብ ሆነ። ስሙን የማላውቀውን ሁሉ ለመሰረዝ አልቸኩልም፣ ምልክቱን አንስቼ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ከዚሁ ጎን የዲፌንደርን «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» አብርቻለሁ፤ ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ሰነዶቼን እንዳይቀይር ይከለክላል፣ ግን የማምናቸውንም አንዳንዶቹን እየከለከለብኝ ነው። እናንተ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አብርቶት የኖረ ካለ የትኞቹን ፕሮግራሞች እንደፈቀደና ጨዋታዎች ላይ ችግር ፈጥሮበት እንደሆነ ቢነግረኝ በጣም ይጠቅመኛል።