የዳኮታው ሦስት ቀለም ለምን ጭቃ መሰለ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 ሲሆን፣ ይህም አባቶቻችን «ዳኮታ» የሚሉት የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ነው። ዲሲ-3 ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ በተባለው የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ፣ ኮምቦልቻ የሚኖሩት አጎቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያስቀመጡትን ፎቶግራፍ ተመልክቼ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመሩን ከአማርኛ ጽሑፉ ጋር ላለብሰው ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት የሚበቃው ሥራ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጊዜዬን የበላው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ እያልሁ ይህን ጻፍሁ።

ሌላው ቀላል ነው። የአውሮፕላኑን የቴክስቸር፣ ማለትም ገላውን የሚያለብሱትን ምስሎች፣ ማኅደር ቀድቶ አዲስ ስም መስጠት፣ በአውሮፕላኑ የቅንብር ፋይል ላይም ለአዲሱ ቀለም አንድ ክፍል መጨመር በቂ ነው። ምስሎቹ ዲዲኤስ በሚባል የተጨመቀ የምስል ቅርጸት ተዘቅዝቀው የተቀመጡ ስለሆኑ ጊምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቶ ማቃናት፣ ሲጨርሱም መልሶ መገልበጥ ያስፈልጋል። አልፋ ቻናሉ፣ ማለትም ከቀለሞቹ ጋር በምስሉ ውስጥ የሚቀመጠው ተጨማሪ ንብርብር፣ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ የሚወስነው ግልጽነትን ሳይሆን ነጸብራቅን ነውና አይነካ። ዋናው ቅጂም በጊምፕ በራሱ ቅርጸት ይቀመጥ፤ ዲዲኤስ ተከፍቶ ደጋግሞ በተጨመቀ ቁጥር ቀለሙ ይጎዳል።

ጥፋቱ የጀመረው ከመጠኑ ነው። የተከተልሁት መመሪያ በትልቁ ሥሎ ማሳነስን ስለሚመክር፣ የ1024 ፒክስሉን ምስል ወደ 4096 አሳድጌ እያንዳንዱን ቀለም በ8 ፒክስል ስፋት ሣልሁ። በጊምፕ ላይ ያማረው መስመር በሲሙሌተሩ ሲከፈት አረንጓዴው ጠቁሮ፣ ቢጫው ጠፍቶ፣ ቀዩም ቡናማ ጠርዝ ይዞ ወጣ። አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩና «ባንዲራው ላይ ጭቃ የረጨው ማነው?» አሉኝ። ፊቴን አይተው ወዲያው «አብሽር፣ ይስተካከላል» ቢሉኝም፣ የመጀመሪያው ቃላቸው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የአጨማመቁን ዓይነት ነበር። ከዲዲኤስ የአጨማመቅ ዓይነቶች ዲኤክስቲ1 ደካማ ነው ብዬ ወደ ዲኤክስቲ5 ስቀይር የፋይሉ መጠን እጥፍ ሆነ፤ መስመሩ ግን ያው ጭቃ ነበር። ዲኤክስቲ5 የሚያሻሽለው አልፋውን ብቻ እንደሆነና ቀለሙን የሚጨምቀው በዚያው ዘዴ እንደሆነ የተረዳሁት ቆይቶ ነው። ቀጥሎ ደሴ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ሄድሁ። ፋይሉን ሳይከፍት ካርዱ አቅም እንደሌለው ነግሮኝ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ አስገዛኝ፤ ከዚያም በኋላ ቅንጣት ለውጥ አልመጣም። እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ። ይበልጥ የምናደደው ግን ፋይሉን ሳያይ እንዴት እንዳወቀ ባልጠየቅሁት በራሴ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ከእውነቱ ደጃፍ አድርሶ መለሰኝ። በሲሙሌተሩ የቅንብር ፋይል ውስጥ የሚጫነውን የቴክስቸር መጠን የሚወስነውን ቁጥር ከ1024 ወደ 4096 ስለውጠው መስመሩ አንድ ምሽት ጥርት ብሎ ታየ። በማግሥቱ የስክሪን ቅንብር ስነካ ቁጥሩ ወደ 1024 ተመለሰ፤ ጭቃውም አብሮ ተመለሰ። ምልክቱ በዓይኔ ፊት ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን እየመለስሁ ከመጻፍ በቀር ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

መልሱን ያገኘሁት ፋይሉን ከነሚፕማፖቹ፣ ማለትም በውስጡ አውሮፕላኑ ሲርቅ እንዲታዩ በግማሽ በግማሽ እያነሱ ከሚቀመጡት ቅጂዎች ጋር በጊምፕ ስከፍተው ነው። ሲሙሌተሩ ሲያሳየኝ የከረመው 4096ቱን ሳይሆን የ1024ቱን ቅጂ ነበር፤ በዚያ ቅጂ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ቀለም ስፋት 2 ፒክስል ሆኗል። ዲኤክስቲ ምስሉን 4 በ4 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሁለት ቀለም ብቻ ይመዘግባል፤ ካሬው ሊይዝ ከሚችላቸው አራት ቀለሞች የቀሩትን ሁለቱን ከእነዚያ መካከል ያሰላል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ካሬ ሲገናኙ ግን አንዱ መውደቁ አይቀርም፤ በአረንጓዴና በቀይ መካከል ደግሞ ያለው ቡናማ እንጂ ቢጫ አይደለም።

ስለዚህ መመሪያውን ትቼ በ1024 ላይ እንደገና ሣልሁት። ሸማኔ ጥለቱን ፈትል ቆጥሮ እንደሚጥል፣ እያንዳንዱን ቀለም በ4 ፒክስል ስፋት፣ ጠርዙም ለ4 በሚካፈል ረድፍ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ አስቀመጥሁት። አንዱ ካሬ አንድ ቀለም ብቻ ስለያዘ ጭቃው ጠፋ፤ በዲኤክስቲ1 የወጣው ፋይልም ከአንድ ሜጋባይት በታች ሆነ። የቅንብር ፋይሉን መነካካትም አላስፈለገኝም። ፊደሎቹ በነጭ ላይ ጥቁር ስለሆኑ ጭመቃው አልጎዳቸውም፤ ሲያንሱ ግን የ«ጵ» ቅጥል ይጠፋልና እነሱንም በመጨረሻው መጠን በእጅ መሣል ይገባል። ትልቅ ምስል ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውን ምክር ቀጭን ባለብዙ ቀለም መስመር ላለው ሥራ አልቀበለውም።

አውሮፕላኑ ሲርቅ መስመሩ አሁንም ይደበዝዛል፤ በ512ቱ ቅጂ ላይ እያንዳንዱ ቀለም 2 ፒክስል ብቻ ነው። ጊምፕ በእጅ የተሠሩ ሚፕማፖችን እንዳሉ ስለሚያስቀምጥ፣ በትንንሾቹ ላይ መስመሩን አወፍሬ በ4 ፒክስል እየሣልሁ ነው። የ512ቱን ጨርሻለሁ፤ የ256ቱ ይቀረኛል።