ሚኒ ሱሞ ሮቦት ስንሠራ፦ ከሞተሩ በፊት ምላጩ

ሚኒ ሱሞ ሁለት ትናንሽ ሮቦቶች ከክብ መድረክ ላይ የሚገፋፉበት ውድድር ነው፤ ደንቡም አጭር ነው። ክብደት እስከ 500 ግራም፣ ርዝመትና ወርድ 10 በ10 ሴ.ሜ፣ ከፍታ እንደ ልብ። መድረኩ ዙሪያውን 2.5 ሴ.ሜ ነጭ መስመር የተቀባ ባለ 77 ሴ.ሜ ጥቁር ክብ ነው። ሮቦቱ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ 5 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተጋጣሚውን ገፍቶ ማስወጣት ነው። ተማሪዎች ቀድመው የሚጠይቁት የሞተሩን ዓይነት ነው። እኛ የጀመርነው ከፊት ምላጩ ነበር፤ ማን ከማን ሥር እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነውና።

ብዙዎች ምላጩን ከሻንሲው (ከሮቦቱ አካል) ጋር አጥብቀው አስረው መሬት ላይ እንዲጫን ያደርጋሉ። ጉዳቱ በሚዛን ይታያል፦ ምላጩ 120 ግራም ከተሸከመ ለጎማዎቹ የሚቀረው 380 ነው። ጎማ የሚገፋው ባረፈበት ክብደት ልክ ስለሆነ፣ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ሳይገጥሙ ሄደ ማለት ነው። የእኛ የከተር ምላጭ በ2 ሚ.ሜ የብረት ሽቦ ላይ እንደ በር ይታጠፋል፤ መሬቱን የሚጫነው በራሱ 15 ግራም ብቻ ነው። ወደ ታች ግን ከ1 ሚ.ሜ በላይ እንዳይወርድ በብሎን ገደብነው። አለበለዚያ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከመድረኩ ውጭ ይንጠለጠልና፣ ሮቦቱ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ጠርዙን ነክሶ ያስቀረዋል። ማዕዘኖቹንም በሞረድ አዶልዱሙ፤ መድረክ መጫር አይፈቀድም።

ተጋጣሚን ለመፈለግ በርካሽ የሚገኘው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው፣ ድምፅ ልኮ በማሚቶው ርቀት የሚለካ ሴንሰር ለዚህ ሥራ አይመችም። ሮቦቱን በሚያዘው አርዱይኖ በተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ «ፐልስኢን» የሚባለው ትእዛዝ የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው፣ ማሚቶ ሲጠብቅ ሌላ ሥራ ሳይሠራ እስከ 1 ሰከንድ ይቆያል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ሮቦት ደግሞ ነጩን መስመር በ25 ሚሊሰከንድ ይሻገራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 80 ሴ.ሜ የሚለካ አናሎግ ኢንፍራሬድ ሴንሰር (በማይታይ ብርሃን ርቀት ለክቶ በቮልቴጅ የሚናገር) ገጠምን። እሱም ጣጣ አለው፦ ተጋጣሚው በጣም ሲጠጋ ቮልቴጁ መልሶ ስለሚወርድ፣ ሮቦቱ የያዘውን ትቶ ፍለጋ ይጀምራል። መፍትሔው ሴንሰሩን ከፊት ጠርዝ 8 ሴ.ሜ ወደ ኋላ ስቦ መትከል ነው።

የሚያናድደው ብልሽት ግን ከኤሌክትሪኩ ይመጣል። አቅጣጫ በድንገት ሲገለበጥ ኤን20 የሚባሉት ሁለቱ ትናንሽ ሞተሮች ብዙ ኃይል ስለሚስቡ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አርዱይኖ ናኖውም (ትንሹ የአርዱይኖ ሰሌዳ) ጠፍቶ ይነሣል። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ስለሚነሣ ሮቦቱ ተጋጣሚው ፊት ተገትሮ 5ቱን ሰከንድ እንደገና መቁጠር ይጀምራል! ለሞተሮቹ ኃይል ከሚያስተላልፈው ሞተር ድራይቨር አጠገብ ኃይል የሚያጠራቅም የ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ለናኖው ቮልቴጁን የሚያረጋጋ የራሱ የ5 ቮልት ሬጉሌተር፣ በኮዱ ውስጥ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር የ10 ሚሊሰከንድ እረፍት አደረግንበት።

ጎማው ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ሮቦጌምስ በተባለው የሮቦት ውድድር ደንብ 3 በ5 ኢንች ካርድ ከ2 ሰከንድ በላይ አንጠልጥሎ የሚይዝ ጎማ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በካርድ ሞክሩት። በየዙሩ መካከል አቧራውን በአልኮል ጥረጉ፣ ግን በደንብ ሳይደርቅ መድረክ ላይ አታስቀምጡት፤ እርጥቡ ጎማ ይንሸራተታል።