ዘሩ አይጠብቅም

እንደ ሞንስቴራና አንቱሪየም ያሉ የቤት ውስጥ ተክሎችን ዘር ስገዛ ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከፍሬው የወጣው መቼ ነው? «አዲስ ነው» ብሎ ብቻ ካለፈኝ አልገዛም።

ዘር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደረቅ ነገር ነው። ስንዴ ደርቆ ዓመታት ይቀመጣል። የእነዚህ ዘር ግን ከደረቀ አለቀለት። የመጡት ሙቀትና እርጥበት ከማይለየው ጫካ ነው፤ እዚያ ተኝቶ የሚጠበቅ ደህና ወቅት የለም። ዘሩ መሬት ሲነካ ይበቅላል። ስለዚህ በትንሽ ፌስታል ታሽጎ ወራት የከረመ የሞንስቴራ ዘር በነፃ ቢሰጡኝም አልፈልግም። ሰማያዊ ሞንስቴራ የሚሸጡትንማ ተዉአቸው። እንዲህ ያለ ተክል የለም፤ ያለው ፎቶሾፕ ነው።

አዘራሩ ከባድ አይደለም። የፍሬውን ሥጋ በደንብ አጥባችሁ አስወግዱ፤ ከቀረ ይሻግታል። ክዳን ባለው ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሞስ (እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ተክል) ወይም ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) አድርጉ። ዘሩን ላዩ ላይ ጫን አድርጉት እንጂ አትቅበሩት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኔዎቹ ፍሪጅ አናት ላይ ናቸው፤ የቤት ሰው ለምዶታል። ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ክዳኑ ሥር ይቀቅላቸዋል። ቡቃያ ሲታይ ክዳኑን በየጊዜው ከፈት አድርጉ። አየር ካጣ ፈንገስ ይገባና ግንዱን ከሥሩ ያበሰብሰዋል።

ስትሬሊትዚያ (ወፍ የሚመስል አበባ የምታወጣው ተክል) ለብቻዋ ናት። ዘሯ ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ ብርቱካናማ ጸጉርም አለው። ጸጉሩን አንሱ፣ ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ አድርጉ፣ ለብ ባለ ውሃ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ወራት ልታስጠብቃችሁ ትችላለች።

ቡናም ቆንጆ የቤት ውስጥ ተክል ነው (ያልተቆላ ዘር፣ አደራ!)። እሱም ትኩስ ዘር ይወዳል፣ እሱም ትዕግሥት ይጨርሳል። ሲወጣ ዘሩን እንደ ባርኔጣ አናቱ ላይ ደፍቶ ነው። እጅ ያሳክካል፤ ግን አታውልቁለት፤ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ይቀደዳሉ።

የእኔ ተወዳጅ ግን የሞንስቴራ ችግኝ ነው። ስትሮንግና ሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ሞንስቴራ ዝርያ ችግኞች መሬት ለመሬት እየተሳቡ ወደ ጨለማ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ጨለማው የትልቅ ዛፍ ግንድ ነዋ! ግንዱን ካገኙ በኋላ ይወጡበታል። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ የሞንስቴራ ቅጠሎች፣ ስታድግ የምትታወቅበት ቀዳዳ የላቸውም። «ተሸወድኩ» ብላችሁ እንዳትጥሏት።

ካደገ ተክል ላይ ቁራጭ ቆርጦ መትከል እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ቁራጭ የሚሰጠው ያችኑ እናትየዋን ነው። ከዘር የወጡ አንቱሪየሞች ግን ከአንድ ፍሬ ወጥተው እንኳ አይመሳሰሉም። አንዱ ሰፊ ቅጠል ያወጣል፣ ሌላው የቅጠሉ ደም ሥር ነጣ ይላል። እንግዳ መጥቶ ችግኝ ሲለምነኝ በደስታ እሰጣለሁ። ነጣ ያለችዋን ግን ቀድሜ መኝታ ቤት አስገባታለሁ።