ምቱ የሚያምታታ አልበም

ዛሬ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ የአሜሪካውን የሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካን «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ፣ 9 ዘፈን፣ 65 ደቂቃ ገደማ! አልበሙ የተሰየመበት ዘፈን ብቻውን 10 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው።

መክፈቻው ላይ ምቱን በእግሬ ልከተል ስል ቀየር ያደርግና ጥሎኝ ይሄዳል። ያዝኩት ስል ደግሞ ሌላ። እኔን የሚመቸኝም ይሄው ነው፤ ወሬ እያወሩ የሚሰሙት ሙዚቃ አይደለም። አጠገቤ ለነበረች ጓደኛዬ አንዱን ኢርፎን ሰጠኋት፤ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» ብላ መለሰችልኝ።

የጊታሩ ድምፅ ደረቅ ነው፣ እንደ መጋዝ። ቤዝ ጊታሩ ግን የት ገባ? የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን ከሞተ በኋላ የተተካው ጄሰን ኒውስትድ ተጫውቷል፤ ድምፆቹን ሲያቀላቅሉ (ሚክሱ ላይ) ዝቅ አድርገውት ጭራሽ አይሰማም። ግፍ እኮ ነው! ቤዙን ከፍ አድርገው እንደገና ቢያወጡት የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።