የጭነት ማሰሪያዬን በፖሊስተር የቀየርኩበት ምክንያት

ክረምት ላይ የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ ጭኜ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ ነበር። ማሰሪያዎቹ አዳዲስ የናይለን ጠፍጣፋ ማሰሪያዎች ነበሩ፤ ሻጩ «በሬ ቢጎትተው አይበጠስም» ብሎኛል። አልዋሸም፤ አልተበጠሱም። ከፍቼ ጀምሮ ግን ዝናቡ ሳያባራ ወረደብን። ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመራችን በፊት ረዳቴ ዞሮ አየና «ጋሼ፣ ማሰሪያው ላልቷል» አለኝ። ጠዋት ስንመታው እንደ ክራር ክር ይጮህ የነበረው፣ አሁን በአውራ ጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ። ወፍጮውም ከቦታው አራት ጣት ያህል ተንሸራቷል። ከፊታችን ያለው ደግሞ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። አጥብቀን ወረድን፤ መሀል ላይ ቆመን እንደገና አጠበቅን።

ናይለን ውሃ ይጠጣል። ሲርስ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ከጥንካሬውም ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ያጣል። የቆመ መኪና ለመጎተት መለጠጡ ጥሩ ነው፤ ድንገተኛውን ጉተታ ያለዝባል። ጭነት ለማሰር ግን አልመለስበትም።

ቀጥሎ ርካሹን ፖሊፕሮፒሊን ገዛሁ። ውሃ አይጠጣም፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከርሞ ስዳብሰው ግን ነጭ ብናኝ እጄ ላይ ቀረ፤ የጠርዙ ክሮች እንደ ደረቅ ጭድ ተሰባበሩ። ወዲያው ጣልኩት።

አሁን የምጠቀመው ፖሊስተር ነው። ብዙም አይለጠጥም፣ ውሃም ብዙ አይጠጣም፣ ፀሐይን ደግሞ ከሁለቱ በተሻለ ይችላል። ስገዛ መጀመሪያ የማየው የተሰፋበትን ምልክት ነው፤ በአውሮፓ ደረጃ ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ከሆነ ናይለን፣ ቡናማ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ምልክት የሌለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም። ቁጥሩንም ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሻጭ «5 ቶን ይችላል» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚበጠስበትን ልክ ነው የሚናገረው፣ ጭነት ሲታሰርበት የሚፈቀደው ልክ ግን ከዚያ ቢበዛ ግማሹ ነው። የወፍጮውን የብረት ጠርዝ ግን የትኛውም ክር አይችለውም፤ ከማሰሪያው ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አደርጋለሁ።

ፖሊስተርን የሚበላው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ባራገፍን ቀን ረዳቴ ማሰሪያዎቹን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ጥላ ላይ ይሰቅላቸዋል።