ሁለት ሰኞዎች

እህቴን ካየኋት ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሜልቦርን የሄድኩት እሷን ብዬ ነው። የጉዞውን ቀን የመረጥኩት ግን በስፖርቱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ታኅሣሥና ጥር የሙቀት ወራት ናቸው። ፈረንጆቹ ገናን ባከበሩ ማግስት ሜልቦርን ላይ ክሪኬት ይጀመራል። አዲሱ ዓመት ሲገባ ክሪኬቱ ሲድኒ ይሄዳል። ከዚያ ቴኒሱ ይመጣል። ሕዝቡ ከአንዱ ስታዲየም ወደ ሌላው ሲል ይከርማል። እኔም አንድ ጊዜ አብሬያቸው ልክረም አልኩ።

በረራው ረጅም ነበር፣ ሌላ የምለው የለኝም። ከኤርፖርት የወሰደኝ ታክሲ ግን 110 ዶላር አስከፈለኝ። እህቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ልትቀበለኝ አልቻለችም። ዋጋውን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ምነው ብትደውልልኝ፣ በግማሹ ትመጣ ነበር» አለችኝ። ነገሩ ለቀናት ከነከነኝ። ሰው አገር ገብተህ መጀመሪያ ያገኘኸው ሰው ሲበድልህ ሆድ ይብሳል።

እህቴ የምትኖረው ፉትስክሬይ ነው። ኢትዮጵያውያን የሞሉበት ሰፈር ነው። በአንድ መንገድ ላይ እንጀራ፣ በርበሬና ጥሬ ቡና ይሸጣል። ከጎኑ ደግሞ የቬትናም ሾርባ ቤቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሚቆላ ቡና ሲሸተኝ የታክሲውን ነገር ለጊዜው ረሳሁት።

ክሪኬትን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እዚያው ነው የተወለደው። ጓሮ ወሰደኝና ትልቁን የቆሻሻ መጣያ ከኋላዬ አቆመው። «አጎቴ፣ እኔ እወረውራለሁ፣ አንተ ትመታለህ። ቢኑን ከነካሁት ወጣህ። ከአጥር በላይ ከመታህም ወጣህ» አለኝ። ጎረቤት ያለች አሮጊት ኳስ ሲገባባት ስለማትወድ ነው የመጨረሻው ሕግ የወጣው። ዱላውን ስይዝ የገና ጨዋታ ትዝ አለኝ። አያታችን አገር፣ ሰላሌ፣ ልጅ ሆነን ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር እናባርር ነበር። ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። «ማን ነው ዳኛው?» አለኝ። ዳኛ የለም አልኩት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት አስተማርኩት። አባባሉን እስከ መጨረሻው ቀን ሲደጋግመው ነበር፣ «ጌታ» የሚለውን በእንግሊዝ አፍ አጥብቆ።

ይህ ክሪኬት አንዱ ጨዋታ እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን በቴሌቪዥን አየን። አውስትራሊያና ሕንድ ናቸው። ሳም ኮንስታስ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ነበር። የዓለም ምርጥ ወርዋሪ የሚባለውን ቡምራን ዱላውን ገልብጦ ከራሱ ራስ በላይ ወደ ኋላ ይመታው ጀመር። በ65 ኳስ 60 ነጥብ አስቆጠረ። የእህቴ ልጅ ሶፋ ላይ ቆሞ ነበር። ሕንዳዊው ኮህሊ በሜዳው መሐል ሲያልፍ ትከሻውን ገጨው። ስለዚያ ግጭት ቤቱ ውስጥ እስከ ማታ ተከራከርን።

ስታዲየም የገባነው በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ ታኅሣሥ 21 ነው። ቲኬቱ 10 ዶላር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቀን ርካሽ የሚሆነው ጨዋታው ከዚያ በፊት ሊያልቅ ስለሚችል ነው። ሪችመንድ ባቡር ጣቢያ ስንወርድ ሕዝቡን አየሁት። ሰማያዊ የለበሱ ሕንዶች ከበሮ ይዘዋል። አረጋውያን አውስትራሊያውያን ሰፋፊ ባርኔጣ አድርገው፣ የምግብ ሳጥናቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ሁሉም በአንድ በር ይገባል። ደጋፊ ከደጋፊ የሚለይ አጥር አላየሁም። ቁና ቁና የሚተነፍስ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ፖሊስም አላየሁም። ከልጅ ጋር ስለነበርኩ ይህ ደስ አለኝ።

የሜልቦርን ክሪኬት ሜዳ መቶ ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ነዋሪው «ዘ ጂ» ይለዋል። ወንበራችንን ስናገኝ ልጁ ስለ ኮንስታስ ሲያወራኝ እኔ ሣሩን ነበር የማየው። ኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ማሞ ወልዴ በ800 እና በ1500 ሜትር እዚህ ሮጧል። ከማጣሪያው አላለፈም። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። ለልጁ ነገርኩት። «እዚህ? እዚህ ሜዳ ላይ?» ብሎ ቆሞ አየው። እሱ ተወልዶ ባደገበት ከተማ የእናቱ አገር ታሪክ እንዳለ እስከዚያ ቀን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሕንድ ለማሸነፍ 340 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር። ካልሆነም ሳትሸነፍ ማምሸት ትችላለች። መቺዎቿ እስከ ማታ ወጥተው ካላለቁ ጨዋታው አቻ ነው። ለእኔ የክሪኬት ውበቱ እዚህ ጋ ነው። ጃይስዋል የሚባለው ወጣት ቀኑን ሙሉ ቆመ። ኳስ ይመጣል፣ ያቆመዋል። ሌላ ይመጣል፣ ይተወዋል። ከምሳ እስከ ሻይ ዕረፍት አንድም መቺ አልወጣም። ብዙ ሰው ይህ አሰልቺ ነው ይላል። እኔ ግን 25 ዙር በትዕግሥት ቁጭ ብዬ በማየት ያደግኩ ሰው ነኝ። በ10 ሺህ ሜትር ሃያ አራቱን ዙር ያልተከታተለ ሰው የመጨረሻውን ዙር አያውቀውም። ክሪኬቱም እንደዚያው ሆኖ ታየኝ።

ከፊታችን የሕንድ ቤተሰብ ነበር፤ አባት፣ እናትና አያት። ምሳ ሰዓት ላይ ሳጥናቸውን ከፈቱ። ሰዉ ሁሉ የሥጋ ፓይ ይበላል፣ እኔ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። እናትየው ባዶ እጄን መቀመጤን አይታ ቂጣና በእርድ የተሠራ ድንች አቀበለችኝ። ጾም መሆኔን፣ ቅቤና ወተት እንደማልበላ ነገርኳት። አልተገረመችም። «ይሄኛው በዘይት ነው» ብላ አንዱን ለይታ ሰጠችኝ። አያትየው ሁለተኛ እንድወስድ በእጃቸው ግድ አሉኝ። እንደኛ እናቶች ነው የሚያበሉት። በዚያች ቂጣ የታክሲውን ሰውዬ ይቅር አልኩት።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ፓንት የሚባለው መቺ ወጣ። ጃይስዋል ላይ ደግሞ ክርክር ተነሳ። ኳሱ ተይዟል፣ ግን መጀመሪያ ጓንቱን ነክቷል አልነካም ተባለ፤ ከነካው ይወጣል። ንክኪን በድምፅ የሚለየው መሣሪያ ምንም አላሳየም። ሦስተኛው ዳኛ ግን ኳሱ አቅጣጫ ሲቀይር በምስሉ አይቻለሁ ብሎ አስወጣው። 84 ላይ ነበር። ስታዲየሙ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ተቃወመ። ከፊቴ ያለው አባት ብድግ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠና የሚስቱን እጅ ያዘ። ሕንድ በ34 ነጥብ ውስጥ ሰባት መቺ አጥታ በ155 አለቀች። አውስትራሊያ በ184 አሸነፈች።

የሕንድ ቤተሰብ አልሄደም። ሽልማቱ እስኪሰጥ ቆዩ። አጨበጨቡ። የቀኑ ተመልካች 74,362 ነበር። የአምስቱ ቀን ድምር 373,691 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1936/37 የተያዘውን የሜዳውን ሪከርድ ሰበረ። ሰኞ ቀን ነው ይህ ሁሉ ሰው።

ወደ ባቡሩ ስንሄድ ዝም አልኩ። የብሔራዊ ቡድናችንን አሰብኩ። «የሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ ዓመታት ሙሉ በሰው አገር ነው ያደረገው፣ ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሚባለው መቀመጫ ላይ ዝናብ ሲመታን የዘፈንን ልጆች አሁን በስልክ ነው የምናየው። ይህ ያመኛል። ሃብት ስለሌለን ብቻ አይመስለኝም።

ሲድኒ በሌሊት አውቶብስ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ከምናምን። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲነፋብን ነጋ። ሁለት ጊዜ ቀንሱልን አልን፣ የሰማን የለም። የያዝኩት ቲኬት ለአራተኛው ቀን ነበር። ጨዋታው በሦስተኛው ቀን፣ እኔ በደረስኩበት እሑድ አለቀ። አውስትራሊያ በድጋሚ አሸነፈችና የሁለቱን አገሮች ዋንጫ ከአሥር ዓመት በኋላ ወሰደች። ገንዘቤ ተመለሰልኝ። መጨረሻውን ያየሁት አንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ግን ሲድኒ የመጣሁት ለሌላም ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ በባቡር ኦሎምፒክ ፓርክ ሄድኩ። ስታዲየሙ ዝግ ነበር። የመሮጫው መም ከተነሳ ቆይቷል። በሩ ላይ ቆሜ በብረቱ መሐል አየሁ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰኞ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር እዚህ ውስጥ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። እኔ የጎረቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነበርኩ። ቴርጋት ሲያፈተልክ የቤቱ እመቤት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «አለቀልን» አሉ። ኃይሌ ከኋላ ሲመጣ ሳያዩት ቀሩ፣ ጩኸታችን ነው የነገራቸው።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ። ሸምገል ያለ ነው። ልሂድ ስል «ለካቲ ነው የመጣኸው?» አለኝ። ካቲ ፍሪማንን ማለቱ ነው። በዚያው ምሽት፣ እዚያው መም ላይ 400 ሜትር አሸንፋለች። የምድሪቱ የመጀመሪያ ሕዝቦች ልጅ ናት። ስታዲየሙ ውስጥ 112,524 ሰው ነበር። ሰውዬው ያን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ትኬት ይቆርጥ እንደነበር ነገረኝ። እኔ ለኃይሌ ነው የመጣሁት አልኩት። ትንሽ አሰበና «ያ ፈገግታ ያለው ትንሹ ሰውዬ!» አለ። ከዚያ ጎን ለጎን ቆመን በብረቱ መሐል አየን። እሱ የእሱን ሩጫ፣ እኔ የእኔን። ወደ ጣቢያው የሚወስደውን አቋራጭ ራሱ አብሮኝ ሄዶ አሳየኝ።

ቴኒሱን በአጭሩ ልናገር። ሜልቦርን ተመልሼ የመክፈቻው ቀን ሄድኩ፣ ከሰዓት ነጎድጓድና ዝናብ መጣ። ክፍት ሜዳዎቹ ላይ ጨዋታ ቆመ፣ ጣሪያ ያላቸው ትልልቆቹ ብቻ ቀጠሉ። እኔ ወደነሱ አልገባሁም። ሲያባራ ሠራተኞች ሜዳውን በፎጣ ሲያደርቁ ማየት ደስ ይላል፣ በልጅነቴ ያየሁት ስታዲየም እንደዚያ ቢደረግለት ብዬ ተመኘሁ።

ከሁሉ በላይ በልቤ የቀረው ግን ከዚያ በፊት የነበረው ማክሰኞ፣ የእኛ ገና ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን መጣን። ዶሮው ተበላ። እህቴ ተኛች። የእህቴ ልጅ የመጥረጊያ እንጨት በውኃ ነክሮ ጫፉን ለማጉበጥ ሦስት ቀን ሲታገል ነበር። አልጎበጠለትም። በቃ በቀጥታ ዱላ እንጫወት አልኩት። የክሪኬቱን ኳስ መሬት ላይ አስቀምጠን ከጓሮው ጫፍ እስከ ጫፍ ተባረርን። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ስመታው ነጥሮ በአጥሩ ላይ አለፈ።

«ወጣህ!» አለ።

«በገና መውጣት የለም» አልኩት።

ሲከራከረኝ አጥሩ ማዶ ዝገት ያለው በር ሲከፈት ተሰማ። ቬትናማዊቷ አሮጊት ኳሱን በአንድ እጃቸው፣ በሌላው አንድ ፌስታል ሎሚ ይዘው በአጥሩ ላይ አቀበሉን። ልጁ ሎሚውን ተቀበለ፣ እኔ ኳሱን።