ነጭ ነጠላ፣ የባቲ አቧራና የኪስ ካሜራዬ

ነጭ የለበሰ ሕዝብ ለትንሽ ካሜራ ፈተና ነው። ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ድምቀት አለው ብሎ ስለሚገምት፣ ስክሪኑን ጋቢና ነጠላ ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ዓይኑና ቅንድቡ አይለይም። ላሊበላ ለገና የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ሲባል ካህናቱ የዓለቱን ጠርዝ ይዘው ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት ይቀበላሉ፤ ሕዝቡ እስከ ዳር ድረስ ነጭ በነጭ ነው። ያንን ሁሉ ለካሜራው ግምት ትቶ መምጣት ያስቆጫል።

ካሜራዬ ሶኒ ሳይበርሾት ደብልዩ 830 ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 20.1 ሜጋፒክስል ያለው፣ ሌንሱ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ ቀሚስ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ሙሉ አውቶማቲኩን ትቼ ፕሮግራም አውቶ ላይ (ካሜራው ይለካል፣ እኔም ማስተካከል እችላለሁ) አደርገዋለሁ። ከዚያ ሜኑ ገብቼ «ኢቪ» የሚለውን፣ ማለትም የፎቶውን ድምቀት መቆጣጠሪያ፣ ወደ ፕላስ 0.7 ከፍ አደርጋለሁ። ፀሐይ ከበረታች 0.3 ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የነጠላው ሽመናም ጥለቱም ይጠፋል። ሁለቱን ማትረፍ ካልተቻለ ፊቱን ነው የምመርጠው። የነጠላው ሽመና ቢጠፋ ማንም አይጠይቀኝም፤ የአባባ ፊት ቢጨልም ግን ልጆቻቸው ይጠይቁኛል።

ጨለማ ቤት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ጧፍ ወይም ኩራዝ ብቻ በበራበት ካሜራው ብርሃን አነሰኝ ብሎ ሁሉን ሊያበራ ይሞክራል፣ የጧፉ ወገግታም ይጠፋል። ያኔ ወደ ማይነስ 0.7 እወርዳለሁ። በነገራችን ላይ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ሲሲዲ የሚባለው የድሮው ዓይነት ስለሆነ ነበልባል ወይም ፀሐይ ላይ ሲያነጣጥሩት ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ሐምራዊ መስመር ይታያል። ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አብሽሩ፤ ፎቶው ላይ አይወጣም። ቪዲዮ ላይ ግን ይቀረጻል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። ስለዚህ ግቢውን ያነሳልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከስልክ ሌላ ካሜራ ይዞ አያውቅም። ከመግባቱ በፊት ያስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫን፣ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታ ጢጥ እስክትል ጠብቅ፣ ከዚያ ጨርሰህ ተጫን። ሰው የኪስ ካሜራ ቀርፋፋ ነው የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው። መዘግየቱ ሌንሱ ርቀቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ነው፤ አስቀድሞ ግማሽ ከተጫነ ያ ሥራ አልቋልና ፎቶው ወዲያው ይነሳል። ለሚሮጥ ልጅም የሚበጀው ይኸው ነው፤ የሚያልፍበትን ቦታ ግማሽ ተጭኖ መጠበቅ። ወንድሜ ይዞልኝ የወጣው ፎቶ ጥርት ያለ ነው። ጣቱን ፍላሹ ላይ ያሳረፈባቸውን አልቆጠርኩበትም።

እኔ ውጭ ሆኜ ከውኃው ዳር ዙሙን እሞክር ነበር። ዙም ዋጋ ያስከፍላል። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲያድግ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ያንሳል፤ ሌንሱ በሰፊው ሲሆን፣ ማለትም ዙሙ ሳይሳብ፣ ኤፍ 3.3 ነው፣ ጫፍ ድረስ ሲሳብ ኤፍ 6.3 ይሆናል፤ የሚገባው ብርሃን በሰፊው ከሚገባው ከሲሶ ያንሳል ማለት ነው። ካሜራው ያንን ለማካካስ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ሲያደርግ፣ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ግድም በሆነች ሴንሰር ላይ ምስሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላል። ስለዚህ ዙም የቀን ነው፤ ለዚያውም ክንድን ጎን ላይ አጣብቆ ወይም ዛፍ ተደግፎ። ከ8 እጥፍ ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው ደግሞ ዙም አይደለም፤ ሌንሱ ቆሟል፣ ካሜራው ያለውን ምስል ቆርጦ እያሰፋ ነው። እሱን ሜኑ ውስጥ ገብቼ አጥፍቼዋለሁ። ውኃው ላይ ያሉት ወፎች እንደሆኑ በ8 እጥፍም ነጥብ ናቸው፤ መቅረብ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ፍላሽ የማታ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ አብዝቼ የምጠቀምበት በቀትር ፀሐይ፣ ባቲ ገበያ ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከግመሉና ከከብቱ ጋር ይመጣል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ጥምጥም ወይም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ፍላሹን አውቶ ላይ ከተውኩት ብርሃን አለ ብሎ አይበራም፤ ሁልጊዜ እንዲበራ አድርጌ ሁለት ሜትር ያህል ቀርቤ ሳነሳ ያ ጥላ ይገፈፋል። ከሦስት አራት ሜትር ወዲያ ግን ከዚህች ፍላሽ ምንም አትጠብቁ።

ቡና ሲፈላ ደግሞ አጠፋዋለሁ። ፍላሹና ሌንሱ በጣም ስለሚቀራረቡ የዕጣኑ ጢስና በአየር ላይ ያለው ብናኝ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፤ ፎቶው ላይ ነጫጭ ክብ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ጎረቤታችን እትዬ እነዚያን ክቦች አይተው «የቤቱ አድባር ነው» ብለው ፎቶውን ወስደውብኛል። እኔም አቧራ ነው ብዬ አልተከራከርኩም። ለቡና የበሩ ብርሃን ይበቃል፤ ሲኒው ወደ በሩ ቀረብ ይላል፣ ዙሙ ሳይሳብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቼ አነሳለሁ።

ባቲ ላይ የሚያሰጋኝ አቧራው ነው። የዚህ ዓይነት ካሜራ ሌንስ ሲበራ ወጥቶ ሲጠፋ የሚገባ በመሆኑ፣ የተጣበቀበትን ደቃቅ አቧራ ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። ነፋስ ሲነሳ በስስ ፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ከማጥፋቴ በፊትም የሌንሱን ዙሪያ በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ። በአፍ እፍ ማለት አይመከርም፣ ምራቅ ይከተላል። ደጋ ላይ፣ ደላንታን በመሰለ ብርድ ቦታ፣ ችግሩ ባትሪ ነው፤ ሊትየም ባትሪ ሲበርደው ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ጡቴ ሥር አሞቀዋለሁ፣ እየቀያየርኩ እሠራለሁ። መብራት የሚጠፋበት ሳምንትም ስላለ ትርፍ ባትሪ ከትርፍ ሜሞሪ ካርድ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ሰው ሳነሳ እጠይቃለሁ። ስልክ ሲደቀንበት ፊቱን የሚያዞር የገበያ ሰው፣ ይህችን ትንሽ ካሜራ ሲያይ ፈገግ ይላል። «ሐጂ፣ በሞቴ አንድ ፎቶ ላንሳዎ?» ስላቸው የሚመልሱልኝ ብዙ ጊዜ «ታጥቦ ይመጣልኛል?» ብለው ነው። «ኢንሻአላህ፣ በሚመጣው ሰኞ» ካልኩ ማምጣት ግዴታዬ ነው፤ ፊቴን ያውቁታል።

ፎቶ ቤት ስሄድ የተማርኩት ነገር አለ። ካሜራው የሚያነሳው በ4 ለ 3 ልክ ነው፤ 10 በ15 የሚባለው ወረቀት ግን 3 ለ 2 ነው። አግድም የተነሳ ፎቶ ወረቀቱን ሞልቶ ሲታጠብ ከቁመቱ ዘጠነኛው እጅ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ደግሞ ጥምጥምና ጫማ ነው። ስለዚህ ሳነሳ ከራስ በላይና ከእግር በታች ቦታ እተዋለሁ። ለዚህ መጠን 20 ሜጋፒክስል አያስፈልግም፣ 3 እንኳ ይበቃል። እኔ ግን ምናልባት አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይፈልጉ ይሆናል ብዬ ከፍተኛው ላይ ትቼዋለሁ።

ያገለገለ መግዛት ለሚያስብ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ዕቃ ሲታይ ሰው የሚያገላብጠው ውጫዊ ጭረቱን ነው። እኔ ብሆን አብርቼ ሌንሱ ሳይንቀጫቀጭ መውጣት መግባቱን አዳምጣለሁ። ዙሙን ጫፍ ድረስ ስቤ ባዶ ነጭ ግድግዳ አንስቼ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለ አያለሁ፤ ያ ውስጥ የገባ አቧራ ነው፣ ሳይፈታ አይወጣም። ባትሪውንም አውጥቼ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጠዋለሁ። አብጦ የሚወዛወዝ ከሆነ ከዋጋው ላይ የአዲስ ባትሪ ሒሳብ አስቀንሳለሁ።